ማሚ ከመኪናው የወረደችበት ቀን

መጀመሪያ የታየው አንገቴ ላይ ነው። ከኋላ በኩል፣ ፀጉሬ ከሚያልቅበት በታች፣ ቆዳዬ ጠቆረ። ሲዳሰስ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወፈር፣ ለስለስ ይላል። አያምም፣ አያሳክክም። እኔ አላየሁትም፤ የገዛ ማጅራቱን ማን ያያል? ያየችው ማሚ ናት፣ ቅዳሜ ቀን ሹሩባ ስትሠራኝ።

«የማተብሽ ቀለም ለቆ ነው» አለች።

ጥቁር ማተብ ነበር የማስረው። ፈታችውና በነጭ ቀየረችልኝ። ጥቁሩ ግን አልሄደም። ስለዚህ እድፍ ነው ተባለ። ሎሚ ቆርጣ አሸችኝ። ቀጥሎ ሎሚና ጨው። ቀጥሎ የእግር መፈተጊያውን አመጣች።

«ሻወር ገብተሽ ምንሽን ነው የምትታጠቢው? ስልክሽን?» ትላለች እየፈተገች።

አንገቴ ቆሰለ። ቁስሉ ሲድን ጥቁሩ እዚያው ነበር።

ይህን በአማርኛ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በእንግሊዝኛ ብጽፈው የክፍል ጓደኞቼ ያነቡታል፤ እናቶቻችን ግን አያነቡትም። ሎሚውን የያዙት ደግሞ እነሱ ናቸው። ፊደል የቆጠርኩት በቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ ትምህርት ቤት ነው። ድሮ አንድ መስመር ለመጻፍ ምላሴን እነክስ ነበር፤ አሁን እጄ ተፍታቷል፣ እንዲያውም ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው። የምጽፈው ነገር ግን ብዙው ደስ አይልም።

ፌቨን እባላለሁ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዳላስ አጠገብ ባለችው ሜስኪት ከተማ ነው የምንኖረው፣ እኔና ማሚ ብቻ። ማሚ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ኪችን ትሠራለች፤ ፍሪጅ በመሰለ ክፍል ውስጥ ሺፍቷን ሙሉ ቆማ ትሪ ትሞላለች። እኔ በትምህርት ቤት ባንድ ውስጥ ክላሪኔት እነፋለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ባንድ ማለት ቁጭ ብሎ መንፋት አይደለም፤ በነሐሴ ፀሐይ ሜዳ ላይ እየተሰለፉ ነው። ለዚያ ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም አይቶሽ «ትችላለች» ማለት አለበት። በሽታዬ የተገኘው በዚህ ሰበብ ነው።

ዶክተሯ ልቤን አዳመጠች፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረገች፣ ከዚያ ፀጉሬን ወደ ላይ ሰብስባ ማጅራቴን ስታይ እጇ ቆመ።

«ይህ ጠባሳ ከምን የመጣ ነው?»

አስተርጓሚ በስልክ እናምጣ ሲሉ ማሚ «ልጄ አለች አይደል» ብላ ነበር፤ ሶ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ማሚ «ማጽዳቴ ነው በያት» አለችኝ። አልኩ።

ዶክተሯ ቀስ ብላ ተናገረች። «ለእናትሽ ንገሪያት። ይህ እድፍ አይደለም። አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይባላል። የታመመው ቆዳሽ አይደለም። ሰውነትሽ ኢንሱሊኑን መስማት እምቢ እያለ ነው።»

የገዛ በሽታዬን ለእናቴ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ደሜ ተመረመረ። ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ ማለቴ የሦስት ወሩን ስኳር በአማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ፕሪዳያቤቲስ አለ፤ ከስኳር በሽታ በፊት ያለው የመጨረሻ ደጃፍ ማለት ነው። ጉበቴም ስብ ጀምሮት ነበር፣ ፋቲ ሊቨር። ሜትፎርሚን የሚባል ኪኒን፣ ከምግብ ጋር የሚወሰድ፣ ታዘዘልኝ። ዶክተሯ ስትሸኘን ያለችው ግን ከሁሉም በላይ በጆሮዬ ቀርቷል፦

«ክብደት መቀነስ አለብሽ፤ ብቻሽን ግን አትችይውም። ሰፖርት ግሩፕ፣ ችግርሽን የሚጋሩ ሰዎች ስብስብ፣ ያስፈልግሻል። በደንብ አድርገሽ ምረጪ።»

ቤት ስንደርስ ማሚ አንገቴን ቫዝሊን ቀባችኝ።

አንድ ነገር መረዳት አለባችሁ፤ ምናልባት እናንተም ቤት እንዲሁ ነው። እኛ ቤት ውፍረት በሽታ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ «ልጅሽ አምሮባታል፣ ፊቷ ሞላ» ሲሏት የማሚ ፊት ይበራል። አንድ ሰው «ምነው ቀጠነች» ካለ ግን እቤት እስክንገባ ትነጫነጫለች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኪችን። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የአበሻ እናት ነገር ነው ብዬ አልፌው ነበር።

የመጀመሪያው ግሩፕ ዳላስ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ለቲንኤጀሮች የሚያዘጋጀው ነበር። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ወንበር ከበን እንቀመጣለን፣ ሁሉም ሳምንቱ እንዴት እንደነበር ያወራል። የአንዱ ችግር ፒዛ ነው፣ የአንዷ ሶዳ፣ የሌላው መኪና ውስጥ እንዳለ የሚገዛው በርገር። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ምን ልበል? እኛ ቤት ሶዳ የሚገዛው እንግዳ ሲመጣ ነው። እኔ የምበላው ከማሚ ጋር ከአንድ ትሪ ነው፤ ግማሽ ሳህን አትክልት አድርጊ ቢሉኝ ግማሽ የሚደረግ የራሴ ሳህን የለኝም። ደግሞ በቃኝ ስል ገና የሚጀመር ነገር አለ።

«ጉርሻ ይባላል» አልኳቸው። «ሰው በእጁ ጠቅልሎ አፍሽ ውስጥ ያስገባልሻል። እምቢ አይባልም። በአንድም አይቆምም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል።»

የምትመራን ልጅ ፈገግ አለች። «ቆንጆ ባህል ነው። አፉ ግን ያንቺ ነው። ኖ ታንክ ዩ ማለትን ተለማመጂ።»

ሶ ተለማመድን። አንዱ ልጅ ናፕኪን ጠቅልሎ እትዬ ሙሉን ሆነልኝ፣ እኔ እኔን ሆንኩ፣ ሁሉም ሳቀ። እውነተኛዋ እትዬ ሙሉ ግን ናፕኪን አልያዙም።

እትዬ ሙሉ ማሚ በዲቪ ስትመጣ የተቀበሏት፣ ሥራ ያስገቧት፣ እኔንም እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩ ትልቅ ሴት ናቸው። ጋርላንድ ውስጥ አንድ ክርስትና ላይ አንድ ትሪ ከበን ተቀምጠናል። ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቀለሉ፣ ጡጫ አሳከሉት፣ ወደ አፌ አመጡት።

«ኖ ታንክ ዩ፣ እትዬ» አልኩ። በተለማመድኩት ድምፅ። በፈገግታ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለች?» አሉ ማሚን።

«ጠግባ ነው፣ እትዬ።»

«ጠግባ ነው ወይስ እጄን ተጸይፋ? ታጥቤያለሁ እኮ!» ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «እናንተ የዚህ አገር ልጆች፣ ነገ ደግሞ ለጉርሻ አፖይንትመንት ያዙ ትሉናላችሁ።»

ወጡ በጣታቸው መሐል ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ ማሚ በኔ ላይ አንገቷን አሰገገች፣ አፏን ከፈተች፣ የኔን ጉርሻ ጎረሰችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። የዚያን ቀን ማሚ የሁለት ሰው በላች። እኔ የተውኩት ሁሉ እሷ ውስጥ ገባ። ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላወቅንም።

መኪና ውስጥ፣ «የሴትዮዋን ውለታ እያወቅሽ! እንዲህ እያስተማሩሽ ከሆነ ሁለተኛ እዚያ አልወስድሽም» አለች። አልወሰደችኝም።

ሁለተኛውን ራሴ መረጥኩት፣ ስልኬ ላይ። ማን እንደሚመራው አላውቅም። ነርስ የለበትም፣ ሐኪም የለበትም፤ ከየስቴቱ የተሰባሰቡ ሴቶች ልጆች ብቻ። ጠዋት ሚዛን ላይ ትቆሚና ፎቶውን ትልኪያለሽ። እስከ ከሰዓት አትበዪም። ቁጥሩ ሲወርድ ልብና የእሳት ምልክት ይዘንብልሻል። ሲወጣ ማንም ምንም አይልም፣ ዝም ነው። ዝምታው ከስድብ ይብስ ነበር።

በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። ከአጽዋማቱ ሁሉ ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ፍልሰታን ነው፤ እኔም ከድሮ ጀምሮ የምወደው ጾም ነው። ዘንድሮ ግን የግሩፑ ሕግና የጾሙ ሰዓት ገጠሙ። ቅዳሴ እስኪወጣ እቆያለሁ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ግሩፑ «ጎበዝ!» ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እናቶች ጉንጬን እየሳሙ «የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ስትጾም! ተባረኪ» ይሉኛል። ማሚ ጾም መሰላት። እኔም ጾም መሰለኝ። ከሁለቱም ወገን ስመሰገን የት ጋ ጾሙ አልቆ የት ጋ ሌላው እንደጀመረ አላየሁም። ኪኒኑን ግን በባዶ ሆዴ ነበር የምውጠው። ያቅለሸልሸኛል፣ ያስመልሰኛል። ሲደክመኝ የጾም ድካም ነው እላለሁ።

እሑድ ቀን ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ወደ መኪናችን እየሄድን። አስፋልቱ ይፋጃል። የማሚ ነጠላ ከፊቴ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ከዚያ ሁሉም ነጭ ሆነ።

ወደቅኩ።

ጉንጬ አስፋልቱ ላይ ነበር። ድምፅ እሰማለሁ። ዓይኔ አይገለጥም። አንድ ሰው ጸበል ረጨኝ። አንድ ሰው አምቡላንስ እየጠራ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰሞኑን ከስታ ነበር እኮ» አለች።

ማሚ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። በመውደቄ የጮኸች መሰለኝ። በዚያች ሴት ቃል ነበር።

ኢመርጀንሲ ውስጥ አይቪ ተተከለልኝ። ዲሃይድሬሽን ነው፣ ሰውነቷ ውሃ አጥቷል አሉ፤ የደም ግፊቴ በጣም ወርዶ ነበር። ሐኪሙ «ይህን መድኃኒት እየወሰድሽ ለምንድነው የማትበዪው?» አለኝ። ያን ለማሚ መተርጎም አልቻልኩም። በስልክ አስተርጓሚ አመጡ። እኔ ለሐኪሙ ያመንኩትን ሁሉ ሰውየው ጥርት ባለ አማርኛ ነገራት፦ ግሩፑን፣ ሚዛኑን፣ ባዶ ሆዴን። ማሚ የሰውየው ድምፅ የሚወጣበትን ስልክ እያየች ታለቅስ ነበር። እኔን አላየችኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩፕ የሚባል ቃል ከቤታችን ተባረረ። «በግሩፕ ብለው ሊገድሉብኝ ነበር» ትላለች ለእትዬ ሙሉ በስልክ። ጾሙ ሲፈታ ገንፎ ይገነፋል፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ኩሬ ይሠራል። ካልበላሁ ታለቅሳለች፤ ሶ እበላለሁ። እኔን ለማስበላት እሷም አብራኝ ትበላለች። ውሃ ደግሞ ስትጠጣ! ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የምትጀምረው። «የቴክሳስ ሙቀት ነው» ትላለች። እግሬን ይደነዝዘኛል ትላለች። «የፍሪጁ ቅዝቃዜ ነው» ትላለች። ለሁሉም መልስ ነበራት።

ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ዶክተሯ ተመለስኩ። ኤ ዋን ሲው ወጥቷል። ዶክተሯ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች።

«ጫፍ ላይ ነሽ። በልጅነት ሲመጣ ይህ በሽታ ይፈጥናል። ኩላሊት፣ ዓይን፣ ነርቭ። እዚያ ሳትደርሺ ልይዝሽ ነው የምፈልገው። ቪከሪ ሜዶ ውስጥ አንድ ግሩፕ አለ። የሌሎቹ አይነት አይደለም። ደውዪላቸው።»

ማሚ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ምን አለች?» አለችኝ።

«መድኃኒቱን ቀጥዪ አለች።»

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሲስተር ሰናይት ናት፤ አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ የሚል ነርስ። ሁለት ጊዜ ስለተሳሳትኩ ሰላምታውን ሳልጨርስ ነው መጠየቅ የጀመርኩት።

«ሰው ፊት ትመዝናላችሁ?»

«አንመዝንም። ሚዛኑን የምታየው ሐኪምሽ ናት።»

«አትብሉ ትላላችሁ?»

«ኧረ እንዲያውም አብረን ነው የምንበላው።»

«ጉርሻ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

ከት ብላ ሳቀች። «እኔን ነው ጉርሻ ታውቂያለሽ የምትዪኝ? በይ አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ቤት ውስጥ ምግብ የሚያቀርብልሽ ማነው?»

«ማሚ።»

«እንግዲያው አንቺን ብቻሽን አልቀበልም። የሚያበስልልሽን ሰው ይዘሽ ነይ። የኛ ግሩፕ ደንብ እሱ ነው።»

የመጀመሪያው ግሩፕ ማሚን እምቢ በያት አለኝ። ሁለተኛው ማሚ መኖሯንም አላወቀ። ይሄኛው አምጫት አለኝ። ትክክለኛውን እንዳገኘሁ ያኔውኑ ገባኝ፤ የማልችለው መሆኑም አብሮ ገባኝ።

ማሚ ሽንኩርት እየከተፈች ነገርኳት። ቢላዋውን አላቆመችም።

«ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ልጄ በሽተኛ ናት ልበል?»

«በሽተኛ ነኝ እኮ፣ ማሚ።»

«አፍሽን ያዢ!»

«ዶክተሯ ጫፍ ላይ ነሽ ብላኛለች።»

«መቼ? እዚያው ነበርኩ፣ አልሰማሁም።»

«አልተረጎምኩልሽም።»

ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ጠርጋ ከተተችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተናገረች። «እነዳሻለሁ። ፓርክ አድርጌ እጠብቅሻለሁ። እኔ ግን አልገባም።»

ቪከሪ ሜዶ አፓርታማው በአፓርታማ ላይ የተደራረበበት፣ በአንድ ደረጃ ላይ አምስት አይነት ቋንቋ የሚሰማበት ሰፈር ነው። ግሩፑ የሚሰበሰበው ከአንዱ አፓርታማ ሥር ባለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ፓርኪንጉ ወለል ብሎ ይታያል። ከኮንጎ የመጣች እናት ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ከበርማ የመጡ አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። እኔ ብቻዬን ገባሁ።

«እናትሽስ?» አለች ሲስተር ሰናይት።

በመስታወቱ ወደ መኪናችን አመለከትኩ። ማሚ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች፣ የምትነዳ ይመስል።

ሲስተር ሰናይት ወጣች። መስኮቱን መታች። መስኮቱ እጅ የማያስገባ ያህል ብቻ ወረደ። ቆማ አወራቻት። ከዚያ በሌላው በር ዞራ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብለምናቸው ሁለቱም አይነግሩኝም። በሩ ሲከፈትና የማሚ የሥራ ጫማ አስፋልቱን ሲነካ ግን አይቻለሁ።

ማሚ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ።

ሲስተር ሰናይት ጥያቄዋን አቀረበች። «ዛሬ ሁላችሁም ይህን ንገሩኝ። ምግብን ስታዩ ማንን ታስታውሳላችሁ?»

የኮንጎዋ እናት ስለ አባቷ ተናገረች። ተራው ማሚ ጋ ሲደርስ ይለፈኝ ትላለች ብዬ ነበር። በአማርኛ ጀመረች። ወለሉን እያየች። ሲስተር ሰናይት በእንግሊዝኛ ትከተላታለች።

«እህት ነበረችኝ። አስቴር። ታላቄ ናት። ቆንጆ ነበረች። ከሳች።

«በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ከሳች ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ በሽታ ይዟታል ማለት ነው። መድኃኒት አልነበረም። ጎረቤት ከሳች አለ። ከዚያ ጎረቤት ቀረ። የጠጣችበትን ብርጭቆ የሚነካ ጠፋ።

«እኔ ነበርኩ የማጎርሳት። ሌላ ሰው እጁን ወደ አፏ አያስጠጋም። አጎርሳታለሁ። ትተፋዋለች። እንደገና አጎርሳታለሁ።

«ሞተች። አስከሬኗን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ክብደት አልነበራትም።

«ይህችን ስወልድ ማንም ከሳች እንዳይላት አደርጋታለሁ አልኩ።»

አክስት እንደነበረችኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አፍሬበት የኖርኩት ጉርሻ፣ ያ «ብዪልኝ፣ አንድ ብቻ» የሚለው ልመና፣ ለማን ይሰጥ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ክፍሉ ውስጥ ማንም «ስላካፈልሽን እናመሰግናለን» አላለም። የኮንጎዋ እናት ብቻ «እኛም ጋ እንዲሁ ነበር፤ በወንድሜ» አለች።

ሲስተር ሰናይት ሁልጊዜ ልጅን ስትመረምር እናትንም ትመረምራለች። ማሚ ጣቷን ሰጠች፣ ለኔ ብላ፣ እኔ እንዳልፈራ። የስኳር መለኪያው ቁጥር አወጣ። ሲስተር ሰናይት ሌላ ጣት ወጋች። እንደገና አየችው።

«እህቴ፣ ውሃ ይጠማሻል?»

«አዎ።»

«እግርሽስ? ይደነዝዝሻል?»

ማሚ ጎንበስ ብላ የሥራ ጫማዋን ፈታች።

ማሚ ታይፕ ቱ ዳያቤቲስ አለባት። ሳይታወቅ ዓመታት ኖሯል አሉ። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፤ ኩላሊቷ ተነክቷል። የእግሯ ጣቶች ስሜት አይመለስም አሉ። የኔ በሽታ አንገቴ ላይ ወጥቶ ታየ። የሷ አልታየም። እሷ የኔን አንገት ስትፈትግ የሷን እግር ያየ አልነበረም። ያ ክርስትና ትዝ አለኝ። ሦስቱ ጉርሻ። አንገቷን አሰግጋ።

ያን ሰሞን ብዙ አልቅሻለሁ። ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ እንዲያው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሰው ሲድን ሁሉ ነገር አብሮ የሚድን ይመስለው የለ? እንደዚያ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ፣ እንደ ባንዳችን አሰላለፍ አንዱ ሲስት ሌላው እያረመው፣ መስመር መያዝ ጀመረ፤ በየሳምንቱ እኔና ማሚ በ635 ሀይዌይ ትራፊክ እየተንፏቀቅን ወደ ቪከሪ ሜዶ እንሄዳለን፣ ማሚ ያበሰለችውን ይዛ ትገባለች፣ ከበርማ የመጡት አሮጊትም የራሳቸውን፣ ሲስተር ሰናይትም ምኑን ማሳነስ ምኑን ማብዛት እንዳለብን ምግባችንን ሳትሰድብ ታሳየናለች። ማሚ እንጀራውን ከትሪው ሙሉ ወደ ሩብ አወረደችው፣ ጎመኑንና ምስሩን አበዛችው፣ መጀመሪያ እሱን እንድንበላ ደነገገች፤ ከራት በኋላ ደግሞ ሙቀት ሲሆን ሞል ውስጥ፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን ሰፈራችን ባለው ፓርክ በእግር እንሄዳለን፣ እሷ ሐኪም ባዘዘላት ጫማ፣ እኔ የባንዱን ዜማ በአፌ እያፏጨሁ። የንስሐ አባታችንም ሁለታችንን አስቀምጠው፣ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ስለ ጾም ሰዓት ከኔና ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመክሩ ምንም አታድርጉ ብለውናል።

ጉርሻውስ? ጉርሻው አልቀረም። ማሚ እትዬ ሙሉን ቤት ጠርታ፣ የአስቴርንም፣ የኔንም፣ የራሷንም በሽታ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እትዬ ሙሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ከትሪው ላይ በሁለት ጣት ጎመን ብቻ አንስተው ወደ አፌ አመጡ።

«ይህም ጉርሻ ከተባለ! ለወፍ ነው የሚወረወረው» አሉ።

ጎረስኩ። ሁለተኛውንም። እንዳንጣላ።

አሁን ኤ ዋን ሲዬ ወርዶ ከደጃፉ ርቋል። አንገቴ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ፈክቷል። ክብደቴ ስንት እንደቀነሰ አልጽፍም፤ ያ የስልኩ ግሩፕ ወሬ ነው። የማሚ ስኳር ወርዷል፤ የኩላሊቷን ነገር ገና በየጊዜው እየተመረመረች ነው። የእግሯ ጣቶች እንደደነዘዙ ናቸው። ማታ ማታ እግሯን የማየው እኔ ነኝ፣ ቁስል እንዳይኖር፤ እሷ ስለማይሰማት።

እናቶች፣ የልጃችሁ አንገት ወይም ብብት ከጠቆረና ከወፈረ እባካችሁ አትፈትጉ፤ ሎሚውን ለሰላጣ አስቀምጡትና ሐኪም አሳዩ። ከዚያ ራሳችሁም ተመርመሩ። አንቺ ደግሞ፣ እንደኔ ግሩፕ ምረጪ የተባልሽ ልጅ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚመራው ጠይቂ፤ ነርስ ወይም ሐኪም የሌለበት ከሆነ ስልኩን ዝጊ። ቁጥርሽን ሰው ፊት የሚያወጣ፣ ስትራቢ የሚያጨበጭብልሽ ከሆነም ሽሺ። መኪና ከሌላችሁ ባቡር የሚደርስበትን ፈልጉ። ከሁሉም በላይ ግን ቤትሽን አስታውሶ የሚጠይቅሽን ምረጪ። ትሪሽን ማን እንደሚያቀርብ ያልጠየቀ ሰው ያንቺን ሕይወት አያውቀውም።

ማጅራቴን ገልጣ ያየችውን ዶክተር አመሰግናለሁ። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወጥታ የመኪናችንን መስኮት የመታችውን ሲስተር ሰናይትን አመሰግናለሁ። እትዬ ሙሉን፣ ስለ ጎመኑ።

ማሚን ደግሞ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ እዚያው እኔ የወደቅኩበት ፓርኪንግ ላይ፣ አንዲት የማሚ ትውውቅ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ምነው ልጅሽ ከሳች?» አለች።

ማሚ እጇን አነሳችና ማጅራቴ ላይ አሳረፈችው፣ ድሮ በሎሚ የምትፈትገው ቦታ ላይ። አልፈተገችም። አስቀመጠችው ብቻ።

«አዎ» አለች። «ከሳች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሳች።»